የመከታ የዘር ወረቀት

ለማይረሳው ወንድሜ ለቦዔዝ፣

የጌታ ሰላም ባለህበት ይድረስህ። እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? ያ የወገብ ሕመምህ ተሻለህ ወይስ አሁንም እንደ ሽማግሌ ግድግዳ ይዘህ ነው የምትነሣው? ናይሮቢ ብርዱ በረታ ያልከውን ሰምታ እማዬ ጋቢ ካልላክሁ ብላ ነበር፤ በማን በኩል ብዬ አስተውኳት። አብረውህ የሚያድሩት ልጆች፣ ሥራው፣ ቤቱ ሁሉ ደኅና ነው? እኛ በሕይወት አለን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ደኅና ነን ብዬ ልቀጥል አስቤ ነበር፤ ለአንተ ግን መዋሸት አልችልበትም።

ስትደውል ለምን ሁሌ "ሰላም ነው" ብቻ እንደምልህ ሳትጠረጥር አትቀርም። አባባ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ መካከላችን እንዳስቀምጠው ይፈልጋል፤ ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ጆሮው ምንም አያመልጠውም። እሱ እየሰማ መናገር ስላልሆነልኝ በወረቀት ጽፌ፣ ፎቶ አንሥቼ ልልክልህ ቆረጥኩ። ነገሩ ስለ ላክህልን ውሻ ስለ መከታ ነው። ባለፈው እሑድ ከዚያው ሻጭ ዘንድ፣ ከዚያው እናትና አባት አዲስ ቡችሎች መወለዳቸውንና ለመከታ ታናሽ ወንድም እንደመረጥክ ነገርከን። እባክህ ተው። ለምን እንደሆነ ከሥሩ ልንገርህ።

አሮጌው ውሻችን ቡላ ከሞተ ወዲህ አባባ ምን እንደሆነ አንተ አላየህም። በፊት ቡላን በገመድ ይዞ ወንዝ ዳር ወዳለው በቆሎ ብቻውን ይሄድ ነበር። ማማው ላይ ወጥቶ ወንጭፉን ጭኑ ላይ ያደርግና የቡላን ጩኸት ብቻ ሰምቶ ጦጣ ነው፣ ከርከሮ ነው ብሎ ይለያል። ግማሽ ዕውር ሆኖ እንኳ ማሳው የእሱ ነበር። ቡላ ሲሞት እማዬ እጁን ይዛ ታደርሰው ጀመር። በመንገድ ሰው ሰላም ሲለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይመልሳል፤ አባታችንን ነገሪን ታውቀዋለህ፣ ድምፅ ዝቅ ማድረግ መቼ ያውቅ ነበር። ይህን ነግሬህ ነው ያን ቡችላ ከአዲስ አበባ ሻጭ መርጠህ በመኪና ያስላክኸው። አንተ መምጣት ስላልቻልክ ውሻ ላክህ። ማናችንም አፍ አውጥተን አልተናገርነውም እንጂ ሁላችንም ገብቶን ነበር።

መከታ በካርቶን ውስጥ ሆኖ ሲደርስ ጆሮው ገና አልቆመም። ወረቀቱ በላስቲክ ተጠቅልሎ አብሮት መጣ። አባባ የውሻ ዘር ይመዘገባል ሲባል መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ደስ አለው። ጎረቤት ሰብስቦ አንብቢልን አለኝ። እኛ ቤት ልጅ ከመዳሩ በፊት ሰባት ቤት እንደሚቆጠር ታውቃለህ፤ የሁንዴሳ ልጅ ሠርግ ድንኳኑ ከተተከለ በኋላ ሙሽሮቹ አምስተኛው አያት ላይ ሲገናኙ ያገኘውና ያስቀረው አባባ ራሱ ነው። እና እንግሊዝኛውን እያነበብኩ የመከታን አባት፣ እናት፣ አያት ስጠራለት እሱ በጣቱ ይቆጥራል። በአባቱ በኩልም በእናቱ በኩልም አንድ የአያት ስም ወጣ። ደግሜ አነበብኩት። አባባ ግን ይበልጥ ተመቸው። እኛ ዘንድ የተከበረ አያት ስሙ ለልጅ ልጅ ይሰጣል፣ በየቤቱ ነገሪ የሚባል ሞልቷል፤ ፈረንጆቹም ለውሾቻቸው እንዲሁ ያደርጋሉ ማለት ነው፣ በሁለት ወገን ስሙ የተጠራ ትልቅ ውሻ ነበር ብሎ ለተሰበሰበው ሰው አስረዳ። ሁላችንም አመንን። እማዬም ዘር ከልጓም ይስባል ብላ ወተት አቀረበችለት።

አደገ፣ አማረ። ባምባሲ ውስጥ እንደሱ ያለ ጀርመን ሼፐርድ ታይቶ አያውቅም፤ ፎቶውን ልኬልሃለሁ። አባባን በገመድ እየመራ ማሳ መውረድ ጀምሮ ነበር። አባባም ለሰላምታ ድምፁን ከፍ አደረገ። ከዚያ በሰኔ፣ በቆሎው በተዘራ ሰሞን፣ መከታ መንገድ ላይ ቁጭ ማለት አመጣ። የኋላ እግሮቹ ሲሄድ ይወላገዳሉ። መጀመሪያ ሰነፈ አልን፣ ቀጥሎ ሰው በድንጋይ መታው አልን፣ እማዬ ቅቤ አሸችው። እየባሰበት ሲሄድ በነሐሴ አሶሳ ወደምትገኝ ሰራዊት ወደምትባል የእንስሳት ሐኪም ወሰድኩት።

ዳሌውን ዳሰሰች፣ አስነሣችው፣ አስኬደችው። የዳሌው መገጣጠሚያ ከመጀመሪያው በደንብ አልተሰካም፣ ይህ ከወላጅ የሚወረስ ነው፣ ክብደቱ ሲጨምር ይብስበታል አለችኝ። እኔ ደግሞ ወረቀቱን ይዤ ሄጄ ነበርና ዘሩ እኮ የተመዘገበ ነው ብዬ ሰጠኋት። ሳትስቅብኝ አነበበችው። ምዝገባ የማን ልጅ እንደሆነ ብቻ ነው የሚናገረው፣ ጤነኛ ነው አይልም፣ ጥሩ ጠባቂ ይወጣዋልም አይልም አለች። ጠንቃቃ አርቢ ከማዳቀሉ በፊት የእናትና የአባቱን ዳሌ ራጅ አስነሥቶ ውጤቱን ለብቻው ያሳያል፤ ያን ጠይቃችሁ ነበር ወይ አለችኝ። መጠየቅ እንዳለብንም አላወቅንም። ከዚያ በሁለት ወገን ከወጣው የአያት ስም አጠገብ ያለውን የምዝገባ ቁጥር በጣቷ አሳየችኝ። በሁለቱም በኩል ቁጥሩ አንድ ነው። ስመ ሞክሼ አይደለም፣ ያው አንዱ ውሻ ነው። የመከታ አባትና እናት በአባት የሚገናኙ እኅትና ወንድም ናቸው።

ለሻጩ ደወልኩለት። ወረቀቱ ትክክለኛ ነው፣ ከፈለግሽ መዝገቡን ጠይቂ አለኝ። እውነቱን ነው፣ ትክክለኛ ነው። ቢዋሸን ኖሮ የምረግመው ሰው አገኝ ነበር።

ለአባባ መንገር ነበረብኝ። ጣቶቹን እንደገና ቆጠረ፤ የመከታ አያት ዘንድ ሲደርስ እጁን ጨበጠ። የሰው ሠርግ አፍርሼ የገዛ ደጄን ሳላይ ቀረሁ አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማሳ አልወረደም። በመስከረም ከርከሮ ገብቶ እሸቱን ሲያወድመው ከቤት ሆነን ሰማን፤ እማዬና እኔ ስንደርስ የቀረ ነገር አልነበረም። መከታ ደጃፍ ላይ ተኝቶ ይጮኻል፣ መነሣት ግን አልቻለም። እሱ ጩኸቱ ሲያልቅበት አባባም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ለመጪው ክረምት መሬቱን ለጎረቤታችን ለሐምዳን አርሶ እኩል እንዲያካፍለው ሰጥቶታል። ሐምዳን ግን አትቸኩል፣ የእኔ ውሻ የወለደቻቸውን ቡችሎች አይተህ ምረጥ ብሎ ለመነው፤ በእሱ አማርኛ "አባ ነገሪ፣ እናቱ አብሮኝ ማሳ ይውላል፣ ሲሮጥ ታያለህ" አለው። አባባ አመሰገነውና ለመልስ ወንጭፉን ከግድግዳ አውርዶ ሰጠው። ወንጭፉን፣ ቦዔዝ። እኔ ያን ጊዜ ነው ተስፋ የቆረጥኩት።

ሐኪሟ ሕመሙ ሲጠናበት በመርፌ ማሳረፍ ይቻላል ብላኛለች። አባባ የመርፌውን ነገር እንዳታነሡ ብሏል። ከእጁ ነው የሚያጎርሰው። መከታም የኋላ እግሩን እየጎተተ ይከተለዋል፣ ሁለቱ ከአልጋው እስከ ደጃፍ ነው መንገዳቸው። 

ስለዚህ ያን ቡችላ አትምረጥ። ለራስህም ሆነ ለሌላ ሰው የምትመርጥ ቀን ወረቀቱን አትናቅ፣ ግን በወረቀቱ አትርካ፤ ቁጥሩን ከቁጥር አስተያይ፣ የወላጆቹን ራጅ ጠይቅ፣ እናቱ ስትሄድ እይ። በአንተ ላይ ቅር ያለው የለም። ከሩቅ አገር ሆነህ በፍቅር የመረጥከው ነው፣ እኛም እዚሁ አጠገቡ ሆነን አላየነውም።

እማዬ ግንባርህን እየሳመች ሰላም ትልሃለች፤ ወገብህን በሞቀ ጨው እሸው ብላለች። ሐምዳንና ቤተሰቡ ሰላም ብለውሃል። አብረውህ ላሉት ልጆች ሰላምታዬን አድርስልኝ። መከታም እግሬ ሥር ተኝቷል።

አባባ ምን እንደምጽፍ አልነገርኩትም ነበር፤ ግን የብዕሩን ድምፅ ሰምቶ ለቦዔዝ ነው አይደል አለኝ። ነው ስለው እንዲህ ብለሽ ጻፊ አለ፦ ሌላ ውሻ አልፈልግም፤ የቦዔዝን እናትም አባትም አውቃለሁ፣ ወረቀት አልጠይቀውም፣ ራሱ ይምጣ። የመኖሪያ ፈቃድ እንደሌለህ፣ ከናይሮቢ ከወጣህ መመለሻ እንደሌለህ አስረዳሁት። ያም ሆኖ ጻፊው አለኝ፣ ጻፍኩት።

እኅትህ ቃናኒ ነገሪ
ባምባሲ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.