ካሴቱ ላይ የለጠፍከው ፕላስተር

ገበያው፣
የቪዲዮ ማጫወቻውን ሠርቼዋለሁ። እንደገና ካስቸገረህ የማቆሚያውንና የካሴት ማውጫውን ቁልፍ አንድ ላይ ተጭነህ ሶኬቱን ሰካ፤ ድብቁ የመፈተሻ ገጽ ይከፈትልሃል።
ማጫወቻው ስንት ሰዓት እንደሠራም እዚያ ይቆጥራል። እኔ ክፍላችን ውስጥ ሳልኖር ስታሠራው እንደከረምክ ከዚያ አየሁ። «ተበላሽቷል፣ አልነካሁትም» አላልከኝም?

የእህቴ ሠርግ ካሴት ላይ ማንም እንዳይቀዳበት ጀርባው ላይ ያለችውን ፕላስቲክ ሰብሬያት ነበር። አንተ ቀዳዳውን በፕላስተር ደፍነህ ኳስ ቀዳህበት።
አባየ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሙሽሮቹን ሲመርቅ መሃል ላይ ይቋረጥና «ጎል!» ይላል። ድምፁ ያለው እዚያ ብቻ ነበር።
ባዶ ካሴት ከአልጋየ ስር አለ። ብትጠይቀኝ እሰጥህ ነበር።

አገር ቤት፣ ቁሐር ሚካኤል፣ እማየ ዘንድ ሄጃለሁ። ስገባ ከእኔ ደኅንነት ቀድማ የምትጠይቀኝ ስላንተ ነው።
ምን ልበላት?

እዮብ