ጳጉሜንን የዘለለው መስመር፦ የአቶ አንተነህ ወልደ ሩፋኤል የሕይወት ታሪክ

አቶ አንተነህ ከአባታቸው ከመሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ተክለ ማርያምና ከእናታቸው ከወ/ሮ ካሣነሽ ቢሻው በጋይንት ቤተ ልሔም ሚያዝያ 7 ቀን 1982 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው የባሕረ ሐሳብ መምህር ናቸውና ከፊደል ቀጥሎ የተማሩት በዓላትንና አጽዋማትን ማስላት ነበር። ንፋስ መውጫ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሰው በስታትስቲክስ ተመረቁ። በ2009 ዓ.ም. ከወ/ሮ እመቤት ደስታ ጋር ጋብቻ ፈጽመው ዮርዳኖስን ወለዱ።

በጤና መሥሪያ ቤት ሥራቸው ከየቀበሌው የሚመጣውን፣ ሰው የታመመበትን ቀን በኮምፒውተር ፕሮግራም ወደ ተራ ቁጥር እየለወጡ የበሽታውን መውጣት መውረድ በመስመር መሳል ነበር። መስመሩን አይተው የሚወስኑት አለቆች ናቸው።

ባለፈው ክረምት ስማዳ ወረዳ አተት ገባ። በመስከረም መባቻ መስመሩ ቁልቁል ወርዶ ዜሮ ነካ። ተጨበጨበ፤ በወረዳው ከተማ በወገዳ የነበረው የሕክምና ድንኳንም ተነቀለ። አቶ አንተነህን ግን ጥርጣሬ ገባቸው። ቢመረምሩት ፕሮግራሙ በተማሪነታቸው ለፈረንጆች አቆጣጠር የጻፉት ኖሯል፤ ከአሥራ ሁለት ወር በላይ አያውቅም። በጳጉሜን የታመመው ሰው ሁሉ ቀን አልባ ሆኖ ከመስመሩ ቀርቷል። የባሕረ ሐሳብ መምህር ልጅ ጳጉሜንን ረሳ! ይህን ያሉት ራሳቸው ናቸው፣ እያለቀሱ።

አስተካክለው ሲስሉት መስመሩ ሽቅብ ወጣ። ጥፋቱ የእኔ ነው ብለው ለአለቃቸው አቀረቡ። ያገኙት መልስ «ሪፖርቱ ሄዷል፤ ምስጋናውም መጥቷል፤ አሁን ምን ብለን እንመልሰው?» የሚል ነበር። አንጀታችንን ያሳረረው ስህተቱ አይደለም፤ ሰው ይሳሳታል። ይህ መልስ ነው።

እሳቸውም ፈቃድ ወስደው ወገዳ ወረዱ። ድንኳኑ በነበረበት ቦታ፣ በዛፍ ጥላ ሥር፣ ከነርሶቹ ጋር በሽተኛ ሲያነሱና ሲያጠጡ ሰነበቱ። በዚያው ታመው መስከረም 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በ35 ዓመታቸው ዐረፉ። አባት እናታቸውን፣ ባለቤታቸውንና የስድስት ዓመት ልጃቸውን ትተውልናል። አንድም ቀን የማይዘነጋ አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን።

ከቀብር ስንመለስ የምትቀመጡበትን ድንኳን የላከልን መሥሪያ ቤታቸው ነው። ያው ከወገዳ የተነቀለው ነው። ስለ ሐዘን ተካፋይነቱ እናመሰግናለን። ሠልስቱ እንዳለፈ ግን መጋዘን እንዳይገባ፣ በዚያው መኪና ወደ ወገዳ እንዲመለስ ቤተሰቡ በእግዚአብሔር ስም ይለምናል።