ሰባተኛው ረድፍ፣ አሥራ አንደኛው ጡብ

ውድ እህቴ ሉድሚላ፣

ሰላምታ እንደሚቀድም ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ዛሬ ግን ከሰላምታው በፊት አንድ ነገር እንድታውቂ እፈልጋለሁ፤ ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሚው ከእኔ ብትሰሚው ይሻላልና። የወንድማችን የፓልኮ እጅ ያረፈበት ጡብ ተፍቋል። ያስፋቅሁት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም አላታለለኝም፤ ግድግዳው እንዲጸዳ የሚለውን ውል አንብቤ፣ ደግሜ አንብቤ ፈርሜበታለሁ።

አሁን ሰላምታዬ ይድረስሽ። እንደምን ከርመሻል እታለም? ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? ደረጃ መውጣቱን ተውሽው ወይስ «እኔ ነኝ አለቃ ወይስ ደረጃው» እያልሽ ትታገይዋለሽ? ባለቤትሽ ግሌንስ ከዓይኑ ቀዶ ሕክምና በኋላ ጋዜጣውን ማንበብ ጀመረ? እናንተ ዘንድ ሳስካቹዋን ብርዱ ዘንድሮ ቶሎ ገባ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ማገዶውን ዝናብ ሳያገኘው አስገቡት። እኔ ደህና ነኝ። የደም ግፊቴ ልክ ነው። እንቅልፌ ግን ልክ አይደለም፤ ምክንያቱን በቅደም ተከተል አስረዳሻለሁ። በስልክ ያልነገርኩሽ ጆሮሽ ስለደከመ ብቻ አይደለም። ድምፄን ስላላመንኩት ነው።

የጡብ ሠራተኞች አዳራሽ ቤተ መጻሕፍት እንዲሆን መወሰኑንና የኮሚቴው ሰብሳቢ እኔ መሆኔን በፋሲካ ጽፌልሽ ነበር። የፋብሪካው ምድጃዎች ከጠፉ አርባ ዓመት አልፏል፤ ጥላሸታቸው ግን ከአዳራሹ ፊት አልለቀቀም። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ እየጠቆረ ሄዶ በመጨረሻ የድስት ቂጥ መስሎ ነበር። አዳራሹ ሲሠራ የሠራተኞቹ ልጆች በርጥብነታቸው እጃቸውን ያተሙባቸውን ጡቦች በዓይን ማየት ካቆምን ብዙ ዘመን ነው፤ በመዳሰስ ብቻ ነበር የምናገኛቸው። የአርባ አንድ ሕፃናት እጅ እንዲያ ተዳፍኖ መቅረቱ ከነከነኝ። ሲጠራ ለማየት ቸኮልኩ። ከወንዙ ማዶ ዱዌይን ስታክ የሚባል፣ አሸዋ በአየር ግፊት እየረጨ ሕንፃ የሚያጸዳ ሰው አገኘን።

መቼም ታውቂኛለሽ፣ ሳልሞክር አላምንም። ዱዌይንን «የፊቱን ግድግዳ ከመንካትህ በፊት በማይታይ ቦታ ትንሽ ሞክርና አሳየኝ» አልኩት። ከፊቱ አንዲት ጡብ እንኳ እንዳትበላሽብኝ ብዬ የኋላውን ግድግዳ መረጥኩለት። እሱም ጠየቀኝ፤ አልጠየቀኝም ብዬ አልዋሽም። «መምህር፣ የፊቱም የኋላውም ጡብ አንድ ነው?» አለኝ። «የእኛ ጡብ ነው» አልኩት።

በከተማችን ይህን ሳይል ያደገ ሰው የለም። የፊቱም የእኛ ጡብ፣ የኋላውም የእኛ ጡብ፣ የቤተ ክርስቲያኑም፣ የእስር ቤቱም የእኛ ጡብ። ስህተቴ ያለው እዚያች አባባል ውስጥ ነው። የኋላው ፋብሪካው በመኪና ጨምቆ ያወጣው፣ እንደ ብረት የጠነከረ ጡብ ነው። የፊቱ ግን ሠራተኞቹ ከሥራ ሰዓት ውጪ ጭቃውን በእጃቸው አቡክተው፣ በእንጨት እሳት ለስለስ አድርገው ያበሰሉት ነው፤ በመኪና የተጨመቀ ጭቃ የሕፃን እጅ አይቀበልማ። ይህንን አባባ ራሱ ነግሮኛል። አውቀው ነበር። በዚያች ቀን ግን አላሰብኩትም። ሙከራውን በአጉሊ መነጽር አይቼ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ «ምንም ጉዳት የለም» ብዬ ጻፍኩ። ደብተሩ አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ አለ።

ኦገስት 26 ማለዳ ዱዌይን ያንን የባሕር ጠላቂ የሚመስል ቆቡን ደፍቶ የአሸዋ መርጫውን ጎማ ያዘና ከቀኝ በኩል ጀመረ። ድምፁ ጥርስ ያስነክሳል። ጥላሸቱ እንደ ጨርቅ ሲገፈፍ ከሥር ቀዩ ወጣ። ሰው ከመንገዱ ማዶ ቆሞ አጨበጨበ። ሽማግሌው ሚሎሽ ሁዳክ፣ ከምድጃ ሠራተኞች በሕይወት የቀረው እሱ ብቻ ነው፣ ከወንበሩ ተነሥቶ «ያቺ ቀለም! በጎረምሳነቴ የማውቃት ቀለም!» እያለ ጮኸ። እኔም ደስ አለኝ እታለም። ይህንንም አልደብቅሽም፤ በጣም ደስ አለኝ።

ለምሳ ሲያቆሙ ጠጋ ብዬ ግድግዳውን ዳሰስኩት። እንደ ስኳር ጣቴ ላይ ረገፈ። ጡብ እንደ ዳቦ ነው፤ በእሳት የጠነከረ ቅርፊት አለው፣ ከዝናብና ከውርጭ የሚጠብቀው ያ ቅርፊት ነው። ቅርፊቱ ሄዷል። ከመሠረቱ ድንጋይ ወደ ላይ ሰባተኛ ረድፍ፣ ከበሩ ወደ ቀኝ አሥራ አንደኛ ጡብ፤ ቆጠርኩ። እንደገና ቆጠርኩ። እጄን አሳረፍኩበት። ልሙጥ ነው።

ትዝ ይልሽ እንደሆነ እጄን ይዘሽ እዚያ ጎድጓዳ ውስጥ እየከተትሽ «ይህ ወንድምህ ነው፣ ሰላም በለው» ትይኝ ነበር። እስከ አምስት ዓመቴ ድረስ ወንድም ማለት ግድግዳ ውስጥ የሚኖር ነገር ይመስለኝ ነበር። አንቺ ፓልኮን አዝለሽዋል፣ ከአንድ ሳህን በልታችኋል። እኔ እሱ ሲሞት የአሥር ወር ልጅ ነበርኩ። ገና ስላልቆምኩ በዚያ በጋ እጄን አላሳረፍኩም፤ የራሴ ጡብ የለኝም። እኔ የማውቀው የእሱን ብቻ ነው።

«አቁም!» አልኩ። ዱዌይን ቆቡን አወለቀ። ነገሩን ሳሳየው ፊቱ ዓመድ መሰለ፤ «መምህር፣ ጠይቄህ ነበር እኮ» አለኝ ቀስ ብሎ። ጠይቆኛል። ከአርባ አንዱ ሃያ ስድስቱ ጠፍተዋል። ከበሩ ወደ ግራ ያሉት አሥራ አምስቱ፣ ያንቺም ከእነሱ ጋር፣ ጥላሸታቸውን እንደለበሱ ተርፈዋል። ሚሎሽ ደግሞ በሕዝብ ፊት «አንተ መምህር! አርባ ዓመት ሙሉ ልጆቻችንን “ሥራችሁን ሳታስረክቡ ደግማችሁ እዩት” ስትል ኖረህ፣ አንተው ግድግዳ ሙሉ ሕፃን አስረከብክ?» አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀይ አቧራው ከቤቴ አልወጣም። አዳራሹ ከእኔ ሁለት መንገድ ይርቃል፤ መስኮቴ ዝግ ነው። ቢሆንም ጠዋት ትራሴ ላይ አገኘዋለሁ፤ የመጽሐፍ ገጽ ስገልጥ አለ፤ ስኒዬ ሥር አለ። ትናንት ፎጣዬን ሳራግፍ ደም የነካው መስሎኝ ደነገጥኩ።

የሚቀጥለውን ከማመንሽ በፊት እንደማላጋንን አስቢ። ሴፕቴምበር 12 ሌሊቱን ዘንቦ አደረ። ጉዳቱን ለማየት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሄድኩ። ግድግዳው ርሶ ጠቁሯል። ፀሐይዋ ስትነካው መድረቅ ጀመረ፤ ሲደርቅ ግን አንድ ላይ አልደረቀም። ቀድመው የደረቁት እጆች ነበሩ። የሕፃን እጅ አይደለም እታለም። ትልልቅ፣ ጣታቸው የተዘረጋ የወንድ እጆች። በየጡቡ ላይ እየነጡ ወጡ። በእኛ ጡብ ላይ የወጣው እጅ ትንሿ ጣቱ አጭር ናት።

አባባ ያቺን ጣት በጭቃ መቁረጫው ሽቦ ማጣቱን ለአንቺ መንገር አያሻኝም።

ግንበኛዋ ካርላ ቤኔዴቶ ምክንያቱን አስረድታኛለች። ሕፃን ብቻውን ጭቃ ላይ እጁን አያትምም፤ አባት ከላይ ደርቦ ይጫንለታል። የሕፃኑ እጅ ላዩን ብቻ ነው የቀረው፣ እሱን አሸዋው በላው። የአባትየው ጉልበት ግን ወደ ውስጥ ዘልቆ ጭቃውን አጥብቆታል፤ የጠበቀ ጭቃ ውኃ አይጠጣም። ምክንያቱ ይኸው ነው። ማወቄ ግን ከመሄድ አላስቀረኝም። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ዘንቧል፤ ሦስቱንም ጊዜ ሄጄ ቆሜያለሁ። የሌሎቹ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ይጠፋሉ። የእኛ አርባ ሦስት ደቂቃ ይቆያል፤ በሰዓት ይዤዋለሁ። ሰው በዝናብ ማግስት በዚያ በኩል ማለፍ ትቷል። የዳቦ ቤቷ ዶሎሬስ «መምህር፣ ሕፃናቱን አባረሃቸው አባቶቹ ሊፈልጓቸው መጡ» አለችኝ። ለቀልድ ነው ያለችው፤ አልሳቀችም ግን።

የእኛ ለምን እንደዚያ እንደሚቆይ ሚሎሽን ጠየቅሁት። ስድቡን ትቶ ወንበር ሳበልኝ። ከዚያ የነገረኝን በራሱ ቃል ልጻፍልሽ፦ «አባትህ ልጁን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አመጣው። ትክትኩ ይዞታል፤ ሲስል ከንፈሩ ይጠቁራል። “ተወው ሰውዬ፣ ሲሻለው ያሳርፋል” አልነው። አልሰማንም። ልጁ ጭቃውን ነካው፣ ምልክት አልወጣም፤ ጉልበት የለውማ። ያኔ አባትህ የራሱን እጅ ደረበና በሙሉ ክብደቱ ተጫነ። “ጠበቅ አድርገው የኔ ጌታ፣ እንዳይለቅህ” ይላል። ለልጁ ይሁን ለጭቃው እንጃ። ልጁ አለቀሰ። አባትህ ግን እጁን አላነሣም።» ሹሩባ የተሠራች ልጅ በር ላይ ቆማ ታይ እንደነበርም ነገረኝ።

ያቺ ልጅ አንቺ ነሽ? እማማ የፓልኮ ስም እንዳይነሣ ስለከለከለች እኔ ጠይቄሽ አላውቅም፣ አንቺም ነግረሽኝ አታውቂም። አሁን ግን ዝናብ በመጣ ቁጥር ያ እጅ እየወጣ ያየኛል። ልጁን ይዞት ይሁን ተጭኖት መለየት አልቻልኩም። ከሰው ሁሉ ልትነግሪኝ የምትችዪው አንቺ ብቻ ነሽ።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ቅርፊት የሌለው ጡብ ክረምቱን አይችልም፤ ውኃ ይጠጣል፣ ውኃው ውስጡ በረዶ ይሆናል፣ ጡቡ ይፈነዳል። አንዳንድ የኮሚቴ አባላት ውኃ የማያስገባ ነገር እንቀባው አሉ። ካርላ፣ ምላሷ እንደ መሮዋ የሰላ ነው፣ «ቅቡትና እርጥበቱን ውስጡ አሽጉበት፤ በሁለት ክረምት ፍርስራሹን በአካፋ ትዝቁታላችሁ» አለቻቸው። እሷ የምታውቀው መድኃኒት ሌላ ነው። በዙሪያው ያለውን ኖራ ፈልፍላ ጡቡን ታወጣዋለች፤ ገልብጣ መልሳ ትገነባዋለች። ጀርባው ቅርፊቱ እንዳለ ነውና ያ ወደ ውጭ ይዞራል፤ እጅ ያለበት ፊት ወደ ግድግዳው ጨለማ ይገባል።

ለእያንዳንዱ ጡብ ቤተሰቡ በፊርማው እንዲወስን ተስማምተናል። አሥራ ስምንት ቤተሰቦች ይገልበጥ ብለዋል። ሁዳኮች ጡባቸውን አውጥተው ወስደዋል፤ ቦታው በአዲስ ጡብ ተሞልቷል። እኛም ከፈለግን ወስደን ከፓልኮ መቃብር ጎን ልንቀብረው እንችላለን። ወይም እንዳለ እንተወዋለን፤ እጁ በየዝናቡ እየወጣ፣ ጡቡ በየውርጩ እየረገፈ፣ ምናልባት ሦስት ዓመት ይቆያል። ሦስቱንም ወረቀት ላይ ጽፌ አመዛዝኛለሁ። ጠዋት አንደኛውን እመርጣለሁ፣ ከሰዓት በኋላ እሰርዘዋለሁ። ካርላን ትንሽ ቀን ጨምሪልኝ ብላት «መምህር፣ ውርጭ ኮሚቴ አይጠብቅም» አለችኝ። ብገለብጠው አባባን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ የማቆመው ይመስለኛል። ብተወው ደግሞ ያ ልጅ በየዝናቡ የሚያለቅስ ይመስለኛል። ብቻዬን አንድ ጊዜ ፈርሜያለሁ፤ ሁለተኛ ብቻዬን አልፈርምም። የአባባና የእማማ ልጆች የቀረነው ሁለታችን ነን።

ከተቆጣሽም ቁጣሽን ጻፊው። አትሸፍኚልኝ።

ለግሌን ከልብ የሆነ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ዓይኑን በእጁ እንዳያሽ ተቆጪው። ለልጅሽ ለሩት፣ የላከችው ሹራብ ልኬ መሆኑን፣ እጅጌው ብቻ በሁለት ጣት መርዘሙን ንገሪያት። ለባሏ ለማርሴል ሰላም በይልኝ። ትንሿ የልጅ ልጅሽ ኢቬት ማካፈል ጀመረች ብለሽኝ ነበር፤ ቀሪውን መጻፍ እንዳትረሳ። ሚሎሽ «ያቺን ባለ ሹሩባ ሰላም በልልኝ» ብሏል።

ካርላ ከእኛ ረድፍ የምትደርሰው ኦክቶበር 21 ነው። ደብዳቤ ከእናንተ ዘንድ እዚህ ለመድረስ ዘጠኝ ቀን ይፈጃል። ፓልኮን በዚያ ቀን አይተሽው እንደሆነ ንገሪኝ፤ በጡቡ ላይ ምን እንደምትወስኚ ጻፊና ስምሽን ከሥር ፈርሚበት። እባክሽ እታለም፣ ይህ በደረሰሽ ቀን ወንበርሽን ስበሽ ተቀመጪና መልሱን ጻፊልኝ።

ወንድምሽ ኦንድሬ
ማርሎ ፌሪ፣ ኦሃዮ
ሴፕቴምበር 29 ቀን 2024