አባቷ አይታወቅም ለተባለችው መኪናዬ

ይድረስ ለተከበሩ የተሽከርካሪ መመዝገቢያ ቢሮ ሹም፤

ፊርማዎን አገላብጬ ባየውም ስምዎ አልወጣልኝምና በማዕረግዎ ብጠራዎት ቅር እንዳይሰኙብኝ እየለመንኩ፣ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ ይህንንም ወረቀት ከፖስታ አውጥቶ ጠረጴዛዎ ላይ ለሚያኖረው ሠራተኛ ጤና እመኛለሁ፤ ጉልበትዎ ያለ ግራሶ ይታጠፍ፣ ልብዎም በዚህ በለንደን ብርድ እንደ አዲስ ባትሪ በአንድ ቁልፍ ይነሣ። እኔም ደህና ነኝ እንዳልልዎ ጎረቤቴ ደረጄ አላስቻለኝም።

እኔ በኤድመንተን ነዋሪ፣ በመጋዘን ሠራተኛነት የማገለግል ሳህሉ ነኝ። እስከ አምና ድረስ ከስሜ ሌላ መጻፍ የማልችል ሰው ነበርኩ፤ ዘንድሮ ግን ሰቨን ሲስተርስ በሚባለው ሰፈር የማታ ትምህርት ገብቼ ከሀ እስከ ፐ ጨርሻለሁ፣ መምህራችን ጋሽ ኪዳነማርያምም ከክፍሉ አንደኛ እኔ መሆኔን በዝምታ አረጋግጠውልኛል። በአማርኛ መጻፌም ከድፍረት እንዳይቆጠርብኝ፤ ከመንግሥት በመጣ በራሪ ወረቀት ጀርባ ላይ «በቋንቋዎ ያነጋግሩን» የሚል በአማርኛ አንብቤ፣ በሕይወቴ ራሴ ያነበብኩት የመጀመሪያ የመንግሥት ቃል ስለሆነ አምኜው ነው። ግልባጩን ሰው ሁሉ እንዲያየው ሮማንወርቅ ሱቅ በር ላይ እለጥፈዋለሁ።

መኪናዬ እንግሊዞቹ ኪት ካር ከሚሏቸው ናት። የድሮ ስፖርት መኪና የሚመስለው አካል በሳጥን ይመጣል፣ ሆድ ዕቃውን ግን ባለቤቱ ከአሮጌ መኪና እየፈታ በግቢው ይገጥማል። ቀይ ናት፣ ጣራ የላትም፣ ወንበሯ ሁለት ነው። ሁለት መሆኑን ልብ ይበሉልኝ። ልጄ ዳናዊት ልታገባ ነው፤ በአንዱ ወንበር ሙሽራዋ፣ በሌላው ነጂው ይቀመጣል። ነጂው እኔ ከሆንኩ ልጄን ቤተ ክርስቲያን የማደርሳት እኔ ነኝ። ነጂው ደረጄ ከሆነ እኔ አባትየው፣ ሱፌን እንደለበስኩ፣ በአውቶቡስ እከተላለሁ።

ምክንያቱም ደረጄም አንድ አለው። እኔ ሳዝዝ አይቶ ያንኑ ሳጥን አዘዘ። የእሱ ሰማያዊ ነው፤ ቀለሙም ከእኔው ሳይሻል አይቀርም። ይህን የጻፈው እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።

ወደ አቤቱታዬ ስመለስ፤

አንደኛ፦ የእርስዎ መርማሪዎች መኪናዬ ሥር ተኝተው፣ በባትሪ አብርተው፣ የሚቆርጥ ጠርዝ ይኖራት እንደሆነ በጣታቸው ዳብሰው፣ ምንም ነውር አጥተው አሳልፈዋታል፤ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ከዚያ በኋላ ግን ሊብሬዋን ሲልኩልኝ የሰጧት ታርጋ ኪው በሚባል ፊደል የሚጀምር ሆነ። ምንድን ነው ብዬ ባስጠይቅ፣ ዕቃዋ ከብዙ መኪና ስለመጣ ዕድሜዋም ትውልዷም በውል አይታወቅም ማለት ነው የሚል መልስ ሰጡኝ። አመሰግናለሁ። በሰፈራችን አባቱ አይታወቅም ተብሎ የተሰደበ ሰው አውቃለሁ፤ ስድቡን በቆርቆሮ አሠርተህ ከፊትና ከኋላ በብሎን እሰር የተባለ ግን ከእኔ በፊት አልሰማሁም።

ሁለተኛ፦ ትውልዷ ይታወቃል፣ ጌታዬ። ሳህሉ መኪና ሊሠራ ነው የሚል ወሬ እንደተሰማ ሰው ሁሉ አራስ እንደሚጠይቅ ነው የመጣው፤ እጁን አጣጥፎ የመጣ የለም። ሞተሩን አኑዋር ጡረታ ካወጣት ታክሲው ፈትቶ አመጣ። መሪውን ጫልቱ፣ መንጃ ፈቃድ ባወጣች በሳምንቱ ከግንብ ካጋጨቻት መኪናዋ ነቅላ ሰጠችኝ። እትዬ አልታየሽ ደግሞ የሟች ባለቤቷን መኪና ካምቢዮ በጋቢ ጠቅልላ፣ በሁለት ጎረምሳ አሸክማ መጣች። በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ እጅ አይመለስም። እንዲያውም አኑዋርና እትዬ አልታየሽ በዘጠና ሰባቱ ምርጫ ከተኳረፉ ወዲህ ሰላምታ አልነበራቸውም፤ በእኔ መኪና ኮፈን ላይ ነው ዳግመኛ ጎን ለጎን ያጎነበሱት። እሷ ወደ እኔ ዞራ «አሁን የባሌ ካምቢዮ ከዚህ ሰውዬ ሞተር ጋር ይስማማል ብለህ ነው?» ስትል፣ እሱ ከሥር ሆኖ «ሞተሩስ ምንም አላለም እትዬ፣ ካምቢዮው ነው የሚያኮርፈው» አላት። ሳቀች። መርማሪዎችዎ ይህን በባትሪ አላዩትም።

ደረጄስ? አንዲት የተጋጨች መኪና ገዝቶ፣ ጋራዡ ላይ መጋረጃ ሰቅሎ፣ ሁሉን ከእሷ አወጣ። እትዬ አልታየሽ ስፖኪዮ ይዛለት ብትሄድ በመጋረጃው ቀዳዳ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ሙሉ ነው» ብሎ መለሳት። ለዚህ ሰው የእናቲቱን መኪና ዕድሜ የሚናገር፣ ንጹሕ፣ የጨዋ ልጅ ታርጋ ሰጡት። ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ቆሞ በመሐረብ ይወለውለዋል። ቆሻሻ የለውም እኮ፤ እኔ እንዳየው ነው።

ሦስተኛ፦ ኪውን አላስርም ብዬ መኪናዬን ሸራ አልብሻታለሁ። ዳናዊት እዚሁ የተወለደች ልጅ ናትና የአባቷ ክብር ብዙም አይገባትም፤ «አባዬ፣ ሲሪየስሊ፣ ታርጋውን እሰረው፤ ካልሆነ ጋሽ ደረጄ እንዲነዳኝ አስክ አደርገዋለሁ» አለችኝ። ጋሽ ስትለው ደግሞ ድምፅዋ እንዴት ያምር ነበር።

አራተኛም ነበረኝ፤ ስለ ደረጄ ቸርኬዎች ነው፣ ግን እንቅልፌን ስለሚነሣኝ ልተወው።

ስለዚህ ክቡርነትዎ ከሠርጉ በፊት እንደ ደረጄ ያለ ታርጋ እንዲሰጡኝ በትሕትና እለምናለሁ። ለእኔ መስጠት ቢከብድዎ ከእሱ ቢወስዱበትም ግማሽ ደስታ ነውና አላማርርም።

ስለማይመልሱልኝ መልስ አስቀድሜ እጅ የምነሣ፣ ለቢሮዎ ማኅተም ቀለም እንዳይደርቅበት የምመኝ፣ አሽከርዎ፣
ሳህሉ፣ የሞተር፣ የመሪና የፊደል ባለቤት

ከፊርማዬ በኋላ የመጣ፦ አዲስ ጸሐፊ ነኝና ደብዳቤው ሳያልቅ ሠርጉ ቀደመኝ። ጠዋት ወደ ግቢ ስወጣ ዳናዊት ቬሏን እንደለበሰች ካቻቪቴ ይዛ ሸራው አጠገብ ቆማለች። ኪውን አሰርኩ። አጠገቤ አስቀምጬም ራሴ ነድቼ አደረስኳት። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ታርጋውን ያየ ሰው የለም። እትዬ አልታየሽ ካምቢዮውን እየዳበሰች «ይሄ የባሌ ነው» ስትል፣ አኑዋር ፎቶ መሐል ኮፈኑን ከፍቶ «አድምጡልኝ» ሲል፣ ጫልቱ መሪዋን ጨብጣ አልወርድም ስትል፣ ካህኑ ሙሽራዋን አስታወሱን። የደረጄ ሰማያዊ መኪና ግድግዳ ጥግ ቆማ ነበር፤ እጁን ያሳረፈባት ሰው አላየሁም። በኋላ ቀስ ብሎ ጠጋ አለኝና በጆሮዬ «ሳህሉ፣ ለዚህ ኪው ለሚሉት እንዴት ነው አፕላይ የሚደረገው?» አለኝ።

እንግዲህ ይጽፍልዎታል፣ አውቀዋለሁ። ከሰው ስፖኪዮ እንኳ ያልተቀበለ ሰው ነው። ደንብ ደንብ ነውና፣ ክቡር ሆይ፣ እንዳይሰጡት።