ሁለተኛው ጣት

ጥር 9

ስልኬ ጋለ። መስፊያው ጎን ተቀምጦ፣ ማንም ሳይነካው። ጠዋት ሞልቼው ነበር፤ ምሳ ሳይደርስ ሊጠፋ ምንም አልቀረው።

ቀጭኔ ሳቀች። «በካውያው ቀንቶ ይሆናል» አለች። የሱቅ ባልንጀራዬ ናት፤ ቁመቷ ነው ስሙን ያወጣላት። እሷ ትቆርጣለች፣ እኔ እሰፋለሁ። አንድ መቀስ ለሁለት ይዘን ነው የጀመርነው።

ጥር 12

ከመንገዱ ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ መስኮት ላይ የራሴን የእጅጌ ንድፍ አየሁ። ክርኑ ላይ የሚሰበሰበውን። ቀሚሷን ለምሰፋላት ሙሽራ ብዬ ያወጣሁት ነው። ፎቶው ያለው ስልኬ ላይ ነው... ለሙሽራዋም ልኬላታለሁ። ግን የራሷን ቀሚስ ለሰው ታሳያለች?

ጥር 13

ቢሮ የምትሠራው ታናሽ እህቴ ደወለች። ነገርኳት።

«ስልክሽ ተጠልፏል እትዬ። ጋለ፣ ባትሪ በላ፣ ፎቶ ወጣ... ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

የምፈትሸውን ነገረችኝ። የማላውቀው መተግበሪያ ካለ። ካሜራውንና ማይክሮፎኑን የሚጠቀመው የትኛው እንደሆነ። ስልኩን የሚከፍት ሌላ ጣት ተመዝግቦ እንደሆነ።

አንድ በአንድ አየሁ። ሁሉም የማውቀው። መጨረሻ ላይ ጣቶቹ ጋ ደረስኩ። ጣት 1። ጣት 2።

እኔ ያስገባሁት አውራ ጣቴን ብቻ ነው። ሁለተኛው የማን ነው?

ጥር 14

«ጣትሽን አምጪ» አልኳት ቀጭኔን።

«ምነው እሜቴ፣ ቀለበት ልታስሪልኝ ነው?»

ስልኩን አስጠጋሁላት። እየሳቀች ነካችው። ተከፈተ።

«ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ! ንድፌን ለማዶ የሰጠሽው አንቺ ነሽ። ሌባ!»

ጮክ ብዬ። ልትለካ የመጣች ደንበኛ ቆማ እየሰማች።

ቀጭኔ መጀመሪያ ደንበኛዋን አየች። ከዚያ እኔን።

«አታስታውሺም?»

«ምኑን?»

«ተይው።» ሜትሩን ከአንገቷ አወረደች። መቀሷን በቁራጭ ጨርቅ ጠቀለለች። «ሌባ የተባልኩበት ቤት አልቆርጥም።»

ሄደች። ጣት 2ን አጠፋሁት። ቀለለኝ።

ጥር 18

ራሴ ቆረጥኩ። የሰው ጉርድ ቀሚስ አበላሸሁ።

ስልኩ አሁንም ይግላል። ጣቷ ከጠፋ በኋላም... እንዴት?

ጥር 21

ሙሽራዋ ለልክ መጣች። ስለ ማዶው እጅጌ ጠየቅኳት።

«እኔ ነኝ ያሳየኋቸው። እነሱ ቢሰፉት ምን እንደሚመስል ላወዳድር ብዬ። ምነው፣ አጠፋሁ እንዴ?»

አፌ ውስጥ እስፒል ነክሼ ነበር። ራሴን ብቻ ነቀነቅኩ። እስፒል ባይኖርስ ምን እል ነበር?

ጥር 22

ኮት ስተኩስ መዳፌ ላይ ያለውን ጠባሳ አየሁት። በየቀኑ አየዋለሁ። ዛሬ ግን አየሁት።

ካውያው ያቃጠለኝ ሰሞን። ቀኝ እጄ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ደንበኛ ስልክ ላይ ስልክ እየደወለ። «ነይ እስቲ ቀጭኔ፣ ጣትሽን አስገቢልኝ» ያልኳት እኔ ነኝ። «የሰው ስልክ ውስጥ ምን አገባኝ» ብላ እምቢ ብላ ነበር። በግራ እጄ ጣቷን ይዤ አስነካኋት። እጄ እስኪድን ለደንበኛ ስትመልስልኝ፣ መልእክት ስታነብልኝ ከረመች።

«አታስታውሺም?» ያለችው ይሄንን ነው። ለምን አልነገረችኝም? ሰው ፊት ሌባ ካልኳት በኋላ ምን ብላ ትንገረኝ?

ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ጥር 23

ደወልኩላት። አታነሳም። ከገበያው ጀርባ መጋረጃ ቤት ሥራ ገብታለች አሉ። መጋረጃ! ዓይኗን ጨፍና አንገትጌ የምታወጣ ሴት፣ ቀጥ ያለ ጨርቅ ቀጥ አድርጋ ስትቆርጥ ልትውል።

ጥር 25

ይሄን የምጽፈው ስልክ ጠጋኙ ሱቅ፣ አግዳሚው ላይ ነው።

ስልኩን ሳይከፍት በጎኑ አየው። ጀርባው ተነስቷል። «የጠለፈዎት የለም እትዬ። ባትሪው አርጅቶ አብጧል፣ በቃ። ከፈለጉ ውስጡንም ልይልዎት፤ ይክፈቱት።»

አውራ ጣቴን አሳረፍኩ። እምቢ። በቀሚሴ ጠረግኩት። እምቢ።

«መርፌ ጣትዎን ልጦታል» ብሎ ሳቀ። «ሌላ ጣት አላስገቡም?»

«ነበረ።»

«እና?»

«አጠፋሁት።»

«ግድ የለም፣ የሚስጥር ቁጥሩን ያስገባሉ። ባትሪውን ከጎረቤት ላምጣ። እስክመለስ እንዳይነሱ።»

ሄደ። ስልኩ ፊቴ ተቀምጧል። ቁጥሩን አውቀዋለሁ።

መጋረጃ ቤቱ ከዚህ ሩቅ አይደለም። ምን እላታለሁ? አላውቅም። ይቅርታውን ግን ሠራተኞቹ ሁሉ እየሰሙ ነው የምለው። ስድቡን ሰው ሰምቶት የለ?

ጠጋኙ ሲመለስ ስልኩን ያገኛል። እኔን አያገኝም።

ተነሳሁ።