በር ላይ የተዘረጋው ደብተር

እህት ዓለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? ትናንት ከክፍሌ ጎን ከምትኖረው ልብስ ሰፊ ጋር ምሳ ልንበላ ወጣን። ምግብ ቤቱ በር ላይ፣ በወረርሽኙ የተያዘ ሰው ቢገኝ አብረውት የተመገቡትን ለማፈላለግ ተብሎ፣ ስም፣ አድራሻና ስልክ የሚጻፍበት ደብተር ተዘርግቷል። እሷ አመነታች። «ጻፊ እንጂ፣ ለጤናችን እኮ ነው!» ብዬ የገፋፋኋት እኔው ነኝ።

ለካስ ከሚደበድባት ባሏ ከሸሸች ሦስት ዓመቷ ነው። ከኋላችን የገባ የባሏ ጓደኛ ገጹን አንብቦት ኖሯል። ዛሬ ጠዋት ስልኳ ጮኸ፤ «አገኘሁሽ» አላት።

ሻንጣዋን እንኳ በወጉ ሳትዘጋ ወጣች። የጀመረችልኝን ቀሚስ ከነመርፌው አስታቅፋኝ፣ «አንቺ ምን ታደርጊ» አለችኝ። ከስድብ ብሶ አንጀቴን በላው።

ያንቺም ምግብ ቤት ደብተር እንዲሁ ለሁሉ ተገልጦ ነው የሚውለው። ይህች ፖስት ካርድ እንደደረሰችሽ ደብተሩን ከበሩ ላይ አንሺው፣ በሞቴ! ቦታ አለቀብኝ፤ እትዬንና ልጆቹን ሳሚልኝ።