የአፈ ጉባኤው እጅ

ጥቅምት 4
ዛሬም የአፈ ጉባኤውን ካባ ለብሼ ሁለት ሰዓት ተጎለትኩ። ሰውየው ለሥዕል የሚቀመጡበት ጊዜ የላቸውም፤ ትከሻችን ደግሞ እኩል ነው። በምክር ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ሠላሳ ዓመት አገልግዬ ያገኘሁት ሹመት ይኸው...
ሠዓሊዋ ታላቅ እህቴ ናት። "ቀና በል! ሥልጣን ያለው አንገት ላይ ነው።"
"እትዬ፣ እኔ አንገቴ ላይ ያለው ሕመም ብቻ ነው።"
"እሱኑ ቀና ብለህ ታመም።"

ጥቅምት 9
ኮሪደሩ ላይ የቀድሞዎቹን አፈ ጉባኤዎች ሥዕል አየሁ። አንዱ ሰይፍ ታጥቀዋል። አንዱ አንብበውት የማያውቁትን መጽሐፍ ይዘዋል (የውሰት መዝገቡ እኔ ዘንድ ነው)። ሦስተኛው ግን ምንም አልያዙም። ዝም ብለው ያያሉ። ፊታቸው ስደርስ ሳላስበው የኮቴን ቁልፎች ቆለፍኩ። ቀለምና ሸራ እንዴት ሰውን ያዛል?

ጥቅምት 15
የፕሮቶኮል ሹሙ መጣ። የአፈ ጉባኤው ቀኝ እጅ እንደሚንቀጠቀጥ አገር ያውቃል።
"የወንድምዎን እጅ ይሣሉላቸው። ጠንከር ያለ እጅ ይታይ። አለዚያ ሥዕሉን የሚያጸድቀው ኮሚቴ አይቀበለውም፤ በምትኩ ፎቶ አሳድገን እንሰቅላለን።"
እትዬ ይህን ሥራ ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠብቅ ኖራለች። ፊቴን ሳታይ የኔን እጅ ሣለች። ምነው በሰደበችኝ...

ጥቅምት 21
አፈ ጉባኤው ራሳቸው መጡ። ሥዕሉን አዩት፣ አዩት...
"ፊቱ እኔ ነኝ። እጁ የማነው?"
እጄን ኪሴ ከተትኩ።
"የወንድሜ ነው፣ ክቡርነትዎ" አለች እትዬ።
"ሸጋ እጅ ነው። ወታደር ምክር ቤቱን ከቦ ሳለ መዶሻውን መትቼ ጉባኤ የከፈትኩት ግን በዚህኛው ነው።" የሚንቀጠቀጠውን ዘረጉ። "ያኔም ይንቀጠቀጥ ነበር። ያኔ በፍርሃት፣ አሁን በእርጅና።"
ሹሙ ጉሮሮውን ጠረገ። "ኮሚቴው ግን..."
"ኮሚቴው ከፈለገ የራሱ እጅ ይሣልለት።"
ካባቸውን ከኔ ተቀብለው ተቀመጡ። ግራ እጃቸውን ቀኙ ላይ ጣል አደረጉ፤ የሚነጫነጭ ልጅ እንደሚያባብል ሰው። እትዬ የኔን እጅ ከሸራው ላይ በቢላ ፋቀችው። ቅር አላለኝም። ትንሽ ብቻ።

ኅዳር 12
ተሰቀለ። ኮሚቴው በአንድ ድምፅ ተቀበለው፤ ሹሙማ ሐሳቡ የሱ እንደነበር እያወራ ነው። በሥዕል እጅ አይንቀጠቀጥም፤ ግራው ቀኙን ደግፎ ሲይዝ ግን ይታያል። ከዚያ በላይ ጉልበት የት አለ?
ከሰዓት በኋላ ከእትዬ ጋር ራቅ ብለን ቆመን ነበር። ሁለት የምክር ቤት አባላት እየተጯጯሁ መጡ። ሥዕሉ ፊት ሲደርሱ ድምፃቸው ዝቅ አለ።
አንደኛው፣ "እሺ... አንተ ቀድመህ ተናገር" አለ።